የሩዙ ጫፍ

ወኒንግ በሶሎ ከተማ፣ አንድ ኮሌጅ ውስጥ ልብ ወለድ አጻጻፍ ታስተምራለች። ሁለት መጻሕፍት አሳትማለች፤ ሦስተኛው ግን ከተጀመረ ዓመታት አልፈውታል። ጠዋት ለራሷ ልትጽፍ ስትቀመጥ የተማሪዎቿ ወረቀት ይጠብቃታል፣ ማታ ደግሞ ጉልበት ያልቅባታል። ቢሆንም መጽሐፉ ወደ አንድ ቦታ እንደሚሄድ ታውቅ ስለነበር ብዙም አልሰጋችም።

ቦታው ይህ ነው። አንድ የባቡር ሐዲድ ዘበኛ ልጁን ይድራል፤ ተተኪው ስለቀረበት ግን ሥራውን ጥሎ መሄድ አልቻለም። የሙሽሮቹ መኪና ሐዲዱ ጋ ሲደርስ ባቡር መጣ፣ አባትም መንገዱን በገዛ ልጁ ፊት ዘጋ። ባቡሩ እስኪያልፍ በመስኮት ተያዩ። ከዚያ መዝጊያውን አነሳና፣ ለማንም መንገደኛ እንደሚያደርገው እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አሳለፋት።

ይህን ለማንም ነግራ አታውቅም ነበር። ባለፈው የዝናብ ወራት ግን አንድ ቀን ሳትዘጋጅ ክፍል ገባች። ተማሪዎቹ ብዕራቸውን ይዘው ያዩዋታል። ዝም ማለቱ ቢጨንቃት፣ ፈጠራ አስመስላ የዘበኛውን ነገር እስከ መጨረሻው ተረከችላቸው። "በሉ፣ እናንተ ደግሞ ጻፉት" አለቻቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ላራስ የምትባል ተማሪ ጻፈችው፤ አሳምራ ጻፈችው። መጽሔት ላይ ወጣ፣ ተሸለመ፣ ለልጅቷም ነጻ የትምህርት ዕድል አስገኘላት።

ዛሬ ላራስ የምስጋና ማዕድ ይዛ ክፍል መጣች። ቢጫው ሩዝ እንደ ጎጆ ጣሪያ ሾሎ ተቆልሏል። የሩዙን ጫፍ ባለደስታው ቆርጦ ከሁሉ አብልጦ ለሚያከብረው ሰው ይሰጣል፤ የተቀበለም መረቀ ማለት ነው።

"ኢቡ፣ ይሄ የእርስዎ ነው" አለች ላራስ፣ ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ። ኢቡ እናት ማለት ነው፤ ተማሪዎቿ ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሯት።

"እኔ ምን አደረግሁና? የጻፍሽው አንቺ።"

"እርስዎ ባይነግሩንስ ከየት አመጣው ነበር?"

"ይቀበሏት እንጂ ኢቡ" አለ ሰኖ የተባለው ቀልደኛ ከኋላ፤ "እርስዎ ካልቀመሱ እኛም አንበላ። እኔ ቁርሴን የተውኩት ለዚህ ነው።"

ሳቁ። ወኒንግ ተቀብላ ጎረሰች።

በኋላ ቧንቧው ጋ ሁለቱ ብቻቸውን እጃቸውን ሲታጠቡ፣ "ላራስ፣ ዘበኛው አባቴ ነበር" አለቻት። "ሙሽራዋም እኔ ነኝ።"

ልጅቷ ክው አለች። "ምነው ያኔ ቢነግሩን?"

"የመጽሐፌ ልብ እሱ ነበር። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም።"

"አሁንም እኮ መጻፍ ይችላሉ።"

"ብጽፈው ከተማሪዋ ሰረቀች ይሉኛል። ብተወው ደግሞ መጽሐፍ የለኝም።"

"እኔ እነግራቸዋለሁ። የኢቡ ነው እላለሁ።"

"የትምህርት ዕድልሽስ?"

ላራስ ቧንቧውን ዘጋች፤ መልሳ ከፈተችው። "እሺ... እነግራቸዋለሁ" አለች ዓይኗን ሰብራ።

ሰው እንዳያፍር ብቻ የሚባል እሺ ነበር። ወኒንግ እሷም ስንቴ ብላዋለችና አወቀችው። የልጅቷን እርጥብ እጅ ይዛ በመሐረቧ አደረቀችላት።

"ተይው ልጄ። ግቢና ብዪ፣ ሰኖ ሳይጨርስብሽ።"

ጥቂት ቆይታ ተከተለቻት። በር ላይ ስትደርስ፣ "ኢቡ፣ ዛሬስ ምን ይነግሩናል?" አሏት። ደብተሮቻቸውን ገልጠው ነበር። ወኒንግ ጠመኔዋን አነሳችና፣ እናቷን፣ የሞተውን ወንድሟን፣ የልጅነት ቤቷን በልቧ እያገላበጠች፣ ከቀራት ሁሉ የትኛውን ብትሰጣቸው እንደሚቀላት ታስብ ጀመር።