የቦንቱ ቀዝቃዛ እጅ

የአዳማ ንፋስ የላላ ቆርቆሮ ሲያንኳኳ በሰማሁ ቁጥር፣ ስድስት ዓመቴ ላይ ያሳለፍኩት በጋ ይመለስብኛል፤ ዛሬም ቢሆን ደስ አይለኝም።

ታላቅ እህቴ ቦንቱ ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። በጥምቀት ሰሞን ከባጃጅ ስትወርድ ወድቃ የቀኝ እጇ አንጓ አበጠ፤ አባታችን የሰፈራችን ወጌሻ ዘንድ ወሰዳት፣ ወጌሻውም በቅቤ አሽቶ፣ በሸምበቆ ደግፎ፣ በጨርቅ ጥብቅ አድርጎ አሰረላት። ከዚያ በኋላ ቀን ከሌት ታቃስት ነበር።

ከዚያ ሕመሙ ድንገት ጠፋ። እናቴ «ተመስገን!» እያለች፣ ጎረቤቱም «እንኳን እግዜር ማረሽ» ሊላት እየመጣ ቤቱ የደስታ ቤት ሆነ። ከሁሉም የተደሰትኩት ግን እኔ ነበርኩ፤ ወለሉ እንኳ በሚያቃጥልበት በዚያ ሙቀት የቦንቱ እጅ ቀዝቃዛ ነበርና፣ ቀትር ላይ ስትተኛ አጠገቧ ተጋድሜ፣ ከማሰሪያው የወጡትን ጣቶቿን አንስቼ ጉንጬ ላይ አደርጋቸው ነበር። ከብደው ዝም ሲሉ የሌላ ሰው እጅ መሃላችን የተኛ ይመስለኝና እፈራለሁ፤ ቅዝቃዜው ስለሚጥመኝ ግን አልተወውም።

አንድ ቀን እናቴ በላብ ተጠምቃ አየኋትና አሳዘነችኝ።

«እማዬ፣ ነይ የቦንቱን እጅ ፊትሽ ላይ አድርጊው፣ ይቀዘቅዛል» አልኳት።

መጥታ ነካችው። ነጠላዋን እንኳ ሳታነሳ ቦንቱን ቀስቅሳ ወደ ሆስፒታል በረረች፣ እኔም እያለቀስኩ ተከተልኳቸው።

ሐኪሙ ማሰሪያውን በመቀስ ቆርጦ ጣለና ቦንቱን ዓይኗን አስጨፈናት።

«ሲሰማሽ ንገሪኝ» ብሎ ሌባ ጣቷን በመርፌ ጫፍ ወጋ አደረገው፤ ቀጥሎም የመሃል ጣቷን።

ቦንቱ ጥቂት ጠበቀች። «እሺ፣ ይንኩኝ እንጂ» አለች።

እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። መርፌው ትንሿ ጣቷ ላይ ሲደርስ ግን ቦንቱ ጮኸች።

«ጎሽ፣ ጩኺ!» አላት ሐኪሙ።

«ጩኺ ኢንተላ ኮ፣ ጩኺ ልጄ» እያለች እናቴ ታለቅስ ነበር።

እጇ ተረፈ። የሁለቱን ጣቶች ስሜት ግን ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ጠብቀን አጣነው።

ዛሬ ቦንቱ የልጅ እናት ናት። ያኔ የሕመሟን መጥፋት የፈራ አንድም ሰው አልነበረም፤ አሁን ፈሪው እኔ ነኝ። የሚፈላ ድስት ክዳን ያለ ጨርቅ በእነዚያ ሁለት ጣቶች አንጠልጥላ ታነሳለች፣ ልጇም አስማት ያየች ይመስል ታጨበጭባለች። እኔ ክዳኑ እስኪቀመጥ ጠብቄ ጣቶቿን አገላብጬ አያለሁ፤ ቢቃጠሉ የምታውቀው ሲሸታት ነዋ።