የሁሴን መንዙማ

ጋሽ ሰይድ ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ ተሸክመው ወደ መጠገኛ ሱቄ ያመጡት የድምፅ ማጉያ ዕድሜው ከኔ ይበልጣል። ውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ የመስታወት ቱቦዎች አሉት። ሳይሞቁ ከፍተኛው ኤሌክትሪክ ከገባባቸው ስለሚጎዱ፣ እሱን የሚያዘገይ ማብሪያ ጨመርኩለትና ቤታቸው ወስጄ ከካሴት ማጫወቻቸው ጋር ገጠምኩት።

ባለቤታቸው እማማ ዘይነባ ሻሻቸውን አስተካክለው ከፊቱ ተቀመጡ። የሞተው ልጃቸው ሁሴን ያዜመው መንዙማ የተቀዳበትን ካሴት ሊሰሙ ነው። ከቀብሩ ወዲህ አልደፈሩም ነበር።

አበራሁት። ጭጭ አለ። ቱቦዎቹ ቀስ በቀስ ይቀላሉ፤ ድምፅ ግን የለም።

«ምነው ልጄ?» አሉ እማማ ዘይነባ።

«እስኪሞቅ ነው እማማ፣ ትንሽ ይታገሱ።»

ጋሽ ሰይድን ላብ አጠመቃቸው። ጆሮዬ ሥር ተጠግተው «በአላህ አጥፋው፤ አልሠራም እንበላት» አሉኝ። ሙያዬን የተጠራጠሩ መስሎኝ ቅር አለኝ።

«ይሠራል ጋሽ ሰይድ!»

ወዲያው ማብሪያው ቀጭ አለ። ካሴቱን አስነሳሁት፤ መንዙማው ቤቱን ሞላው። ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ። እማማ ዘይነባ ግን አላለቀሱም። ብዙ አዳመጡና ወደ ባላቸው ዞሩ።

«የሁሴን አባት፣ ይሄ ያንተ ድምፅ ነው። የልጄን ካሴት ምን አደረግከው?»

«እርጥበት በላው» አሉ ጋሽ ሰይድ ቀና ሳይሉ። «ባዶ ነው ልልሽ አቃተኝ። መንዙማውን እኔው ብዬ ቀዳሁልሽ።»

የምገባበት ጠፋኝ። ላጠፋው እጄን ስዘረጋ እማማ ዘይነባ ያዙኝ።

«ተወው» አሉኝ፤ «ይጨርስልኝ።»