የመትረየስ ጣቶች

መሥሪያ ቤታችን ውስጥ መትረየስ የምትባል ጸሐፊ አለች። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ። የምሠራበትን መዝገብ ቤት ከእሷ ክፍል የሚለየው ስስ የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ፣ ስትጽፍ የቁልፎቹ እሩምታ ጆሮዬ ላይ ነው የሚወርደው። አለቃችን ተናግሮ ሳይጨርስ እሷ ጽፋ ትጠብቀዋለች ይባላል። ጎንበስ ብላ ቁልፎቹን ስትፈልግ ያያት ሰው የለም።

አንድ ልማድ ግን አላት። የሰው የእጅ ጽሑፍ ስታነብ ትንሿን ጣቷን ሺፍት የሚባለው ቁልፍ ላይ ታሳርፋለች። ኮምፒውተሮቹ ሊኑክስ ወደሚባለው አዲስ ሥርዓት ከተቀየሩ በኋላ ይህቺው ልማድ ጉድ አፈላች። አንድ ጠዋት እንደወትሮዋ ብትተኩስ፣ ስክሪኑ ላይ እዚህም እዚያም የተንጠባጠቡ ፊደሎች ብቻ ወጡ።

የኮምፒውተር ጠጋኙን ጠራች። እኛ ዶክተር ነው የምንለው። ሲቀጠር መግቢያ መውጫውን ያሳየችው እሷ ናት። ሲያገባ ከዘመድ እኩል ደፋ ቀና ያለችውም እሷው ናት። ምሳ የሚበሉት አብረው ነው።

ዶክተር የቁልፍ ሰሌዳውን ገልብጦ አራገፈ። ማስተካከያ ገጹን ከፍቶ ትንሽ አየት አደረገና ዘጋው። ከዚያ በአንዲት ጣቱ፣ እንደ ልማዱ ጫን ጫን እያደረገ ጻፈ። ፊደሉ ሁሉ አንድ ሳይቀር ወጣ።

«አየሽ እትዬ፣ ማሽኑ ደህና ነው» አላት።

«ታዲያ እኔ ስነካው ምን ይሆናል?»

«እንጃ። ጣትሽ ደክሞ እንዳይሆን። ዕድሜም እኮ አለ።»

አመነችው። ለምን አታምነው? ሐኪም ዘንድ ሄደች። ሐኪሙ ጣቶቿን አጥፎ ዘርግቶ ምንም በሽታ ሲያጣባት ጭራሽ ደነገጠች። ዶክተር የጣት ቅባት ገዝቶ አመጣላት፤ ጠዋት ጠዋትም «ዛሬስ ተሻለሽ?» ይላት ነበር። እኔ ከግድግዳው ወዲህ እሩምታው ወደ ጠብታ ሲወርድ እሰማለሁ። ደብዳቤዎች ዘገዩ፣ አለቃችን ፊቱን አጠቆረ። በመጨረሻ ራሷ ወንበሬን ልቀቅ ብላ ጠየቀችና ፋይል ልትደረድር እኔ ዘንድ መጣች።

በወንበሯ ማን ተቀመጠ? በኮንትራት ስትንከራተት የኖረችው የዶክተር ሚስት። እኔ ነገረኛው እንኳ «ለሰው እንጀራ ሲከፈት ምን ይባላል» ብዬ አለፍኩት። ሞኝ!

ሚስቲቱ ክፋት የለባትም። በማግስቱ ልትጠይቃት መጣች።

«እትዬ፣ በዚያ ኮምፒውተር እንዴት ቻልሽ? ፊደል አልወጣ ብሎኝ ልፈነዳ ነበር። ባለቤቴ ግን ደቂቃ አልፈጀበትም። ሺፍትን ተጭነው ሲቆዩ ሳያውቁት የሚበራ ነገር አለ አለኝ። እሱ ከበራ ማንኛውም ቁልፍ ቆየት ተደርጎ ካልተያዘ አይቀበልም። ለፈጣን ሰው መርዝ ነው። አጠፋልኝ።»

መትረየስ የያዘችውን ፋይል አስቀመጠች። ወደ ዶክተር ክፍል ስትሄድ ተከተልኳት።

«ያን ቀን አይተኸው ነበር?» አለችው።

«እኔ አላበራሁትም፣ እትዬ።»

«አይተኸው ነበር ወይ ነው ያልኩህ።»

አንገቱን ደፋ። «አይቼዋለሁ። የባለቤቴ ኮንትራት ሊያልቅ ነበር። አንቺ ደግሞ ጡረታሽም ሩቅ አይደለም ብዬ...»

«ቅባቱንስ ለምን ገዛህልኝ?»

 ያጎረስኩት እጄን ነከሰኝ ሲባል እሰማ ነበር፤ ነክሶ መልሶ ቅባት የሚቀባ ግን ያየሁት ያኔ ነው። አንገቱን ባንቀው ደስ ባለኝ።

ሚስቲቱ ነገሩን ስትሰማ አልቅሳ ወንበሩን ለቀቀች። አለቃችንም መትረየስን ወደ ቦታዋ መለሳት። በተመለሰችበት ጠዋት እኔ መዝገብ ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። አሁን እሩምታዋን ትለቀዋለች አልኩ።

ጠብ አለ። ዝም። ደግሞ ጠብ።

ዞሬ ገባሁ። እያንዳንዱን ቁልፍ ጫን ብላ ትይዛለች፤ ፊደሉ መውጣቱን በዓይኗ ካረጋገጠች በኋላ ነው ጣቷን የምታነሳው።

«እታለም፣ ተስተካክሏል እኮ» አልኳት።

«እሱማ ተስተካክሏል» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ጣቴ ነው አላምን ያለኝ።»