ዴንሃግ የመጣው የበረሃ ወፍ

ዘገየ በወጣትነቱ በአፋር በረሃ የጭነት መኪና ረዳት ነበር። መኪናው ገደል ለገደል ሲበላሽ ሹፌሩ ይራገማል፤ እሱ ወፍ ያያል። ዛሬ ሆላንድ ውስጥ ኦስዶርፕ የሚባል ሰፈር ይኖራል፣ ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ያጸዳል። የዕረፍት ቀኑን ግን ያገለገለ የሩቅ ማያ መነጽሩን አንጠልጥሎ ከዴንሃግ ወዲያ ባለው የባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ይውላል። ወፍ መለየትን ማንም አላስተማረውም፤ እግዜር ዓይን ሰጥቶታል።

ባለፈው ዓመት እዚያው አሸዋ ላይ ጉሮሮው የጠቆረ የበረሃ ወፍ አየ። ነፋስ ያሳሳተው ብርቅ እንግዳ ነበር። ደስ ብሎት ለወፍ ተመልካቾች ቡድን ጻፈ። አንድ ሆላንዳዊ "ያየኸው ናፍቆትህን ነው" ብሎ መለሰ፤ ሌሎቹ የሳቅ ምልክት ደረደሩበት። ፎቶ አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ የጻፈውን ሁሉ ማንም አላመነውም። ዘገየ አንዴ መታመን ብቻ ፈለገ።

ዘንድሮ በኅዳር እንዲሁ ያለ ወፍ መጣ። ዘገየ ጥሩ ስልክ ላለው ለታክሲ ነጂው ለክብሮም ደወለ። አንድ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚያስቀድሱት።

"ለዚች ነው ከሥራ ያስነሳኸኝ?" አለ ክብሮም አሸዋው ላይ ደርሶ።

"ከሰሃራ ነው የመጣው።"

"እንደ እኛ በባሕር? አሻራ ሰጥቷል?"

"ቀስ በል፣ ደክሞታል። አትጠጋው።"

"እኛ ሲደክመን ማን ቀስ አለልን?"

ወፉ ቁጥቋጦ ሥር ተሸጎጦ አልታይ አለ። "እስኪወጣ ጠብቅ" ብሎ ዘገየ ውሻ ፈተው ወደሚመጡ ሴትዮ ሮጠ፣ እንዲያስሩለት ሊለምን።

ክብሮም እንግዳ ደጅ ቆሞ ሲያይ አያስችለውም። የመጣ ሰው ይጠራል፣ ይገባል፣ ይቀመጣል። በሥራ ስልኩ የዚያን ወፍ ድምፅ ፈልጎ ከፈተ፤ በሌላው ቀረጸ። ለደከመ መንገደኛ ወፍ ድምፅ እንደማይከፈት አያውቅም ነበር።

ወፉ ዘመድ የጠራው መስሎት ወጣ። ባዶ ግንድ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ መለሰ። ጭልፊት ከኋላው መጣ።

ዘገየ ሲመለስ የቀረው ላባ ነበር።

"ጠራሁት፣ መጣ" አለ ክብሮም ፊቱ አመድ መስሎ። "ተመስገን በል ግን፤ ጥርት ብሎ ተቀርጿል።"

ቪዲዮው ቡድኑ ውስጥ ገባ። የብርቅ ወፍ መዝጋቢዎች ተቀበሉት፤ አግኚው ዘገየ ተባለ። ያ ሆላንዳዊም "አሁን አመንኩህ! እንዴት ያለ ጭልፊት ነው!" ብሎ ጻፈ።

ዘገየ ለክብሮም ደወለ።

"ጭልፊቱ ያለበትን ቆርጠህ ጣልና ቪዲዮውን ላክልኝ።"

"እሱ ከተቆረጠ ምን ይቀራል?"

"ወፉ ሲመልስ።"

ክብሮም ቪዲዮውን እንደገና ከፈተው። "ዘግዬ፣ የሱ ድምፅ እኮ አይሰማም። የሚሰማው የከፈትኩት ስልክ ብቻ ነው።"

"ቢሆንም" አለ ዘገየ። "አፉ ሲከፈት ይታያል አይደል?"