እትዬ ዘነቡ ቤት ያላደሩ እንግዶች

ሥራ በጀመርኩበት ቀን ሊቀመንበሩ አንድ ታይፕራይተርና አንድ የማይቆለፍ መሳቢያ አስረከበኝ። ክብ ማኅተሙን አላስረከበኝም። ማኅተሙ በጥቁር ክር ታስሮ የሚኖረው እሱ ኪስ ውስጥ ነበር። «ማኅተም እኔ፣ ጽሕፈት አንቺ» አለኝ። በዚህ የሥራ ክፍፍል አራት ዓመት ሠራን።

ቦታው ቆቦ ነው፤ የቀበሌያችን ጽሕፈት ቤት። ጊዜው ደርግ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የማትሪክ ውጤቴ የትም አላስገባኝም፤ ቤት መቀመጥ ደግሞ አልችልበትም። ሊቀመንበሩ ጓድ በላቸው ከአብዮቱ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር። ደብዳቤንም የሚያየው እንደ ልብስ ነው፤ ከረዘመበት ይቆርጠዋል።

ዋናው ሥራዬ የይለፍ ወረቀት መጻፍ ነበር። ያኔ ሰው ደሴም ሆነ አዲስ አበባ ለመሄድ ከቀበሌው ይለፍ መያዝ አለበት። ሰሜኑ ጦርነት ስለነበር የእኛ አገር ሰው ወረቀት በየኬላው ሁለት ጊዜ ይነበባል። ወረቀቱ ላይ ስም፣ ዕድሜ፣ የጉዞው ምክንያትና የቀኑ ብዛት ይሞላል። መጨረሻው መስመር «የሚያርፍበት አድራሻ» ይላል።

ከእኔ በፊት የነበረው ጸሐፊ እዚያ መስመር ላይ ለሁሉም «ዘመድ ቤት» ብሎ ይጽፍ ነበር። ሰው ከወልድያ ኬላ እየተመለሰ ሲመጣ እሱን አነሱትና እኔን ቀጠሩኝ። ትእዛዙ ግልጽ ነበር፤ የባለቤቱ ስም፣ ከፍተኛው፣ ቀበሌው፣ የቤት ቁጥሩ ካልተሞላ ማኅተም የለም።

ችግሩ የቤት ቁጥር የሚያውቅ ሰው አለመኖሩ ነው። አዲስ አበባ ወንድም ያለው ሁሉ ወንድሙን እንጂ ቁጥሩን አያውቅም። «ከወፍጮ ቤቱ ወረድ ብሎ፣ ክፉ ውሻ ያለበት ግቢ» ይለኛል። የውሻውን ስም ሳይቀር ይነግረኛል። እኔ ደግሞ ውሻ የሚጻፍበት መስመር የለኝም።

ስለዚህ ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁና ከአዲስ አበባ የሚመለሰውን ሰው ሁሉ መጠየቅ ጀመርኩ። የት አደርክ? ከአውቶቡስ ተራ በእግር ስንት ያስኬዳል? ውኃው ግቢ ውስጥ ነው ወይስ ከቦኖ? ፍራሽ አለ ወይስ ምንጣፍ? እንግዳ ያስመዘግባሉ? የመጨረሻው ጥያቄዬ የባለቤቷ ፊት በሦስተኛው ቀን እንዴት እንደነበር ነው። በመጀመሪያው ቀን የሁሉም ፊት ጥሩ ነው። «ደግ ናት» የሚል መልስ አልቀበልም ነበር። ደግነቷን ትተህ ፍራሹን ንገረኝ እል ነበር።

በዓመቱ ሰው ለይለፍ ሳይሆን ለምክር ይመጣብኝ ጀመር። ሆስፒታል የሚሄደውን ለሆስፒታል የቀረበ ቤት እመርጥለታለሁ። ለክስ የሚሄደውን ቀጠሮ ስለሚበዛበት ፊቷ ቶሎ የማይጠቁር ባለቤት ዘንድ እልከዋለሁ። አዲስ አበባን አይቻት አላውቅም። ይህን የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አላነሳሁትም።

አልቤርጎ እደሩ የሚለውን ምክሬን ግን ማንም አይሰማኝም። ለአንድ የእህል ነጋዴ ወንድሙ ከከተማው ዳር ስለሚኖር ለጉዳዩ የሚቀርበው መኝታ ቤት መሆኑን ነገርኩት። «ወንድሜ በሕይወት እያለ አልቤርጎ ካደርኩ፣ ሞቷል ብዬ እንዳወራሁበት ነው» አለኝ። የወንድሙን ቤት ጻፍኩለት።

የእትዬ ዘነቡ ቤት ደብተሬ ውስጥ የገባው በአክስቷ ልጅ በኩል ነው። እትዬ ዘነቡ የቆቦ ልጅ ናት፤ አግብታ አዲስ አበባ ከገባች ቆይታለች። የአክስቷ ልጅ እሷ ዘንድ ሁለት ሌሊት አድሮ ሲመለስ ሙሉ አድራሻዋን በጥሩ የተማሪ ጽሕፈት አጽፎ አመጣልኝ። እኔም መዘገብኩ። ውኃ፦ አለ። ፍራሽ፦ አለ። ፊት፦ እስከ ሁለተኛው ቀን ጥሩ።

አንድ ቀን አዲስ አበባ ማንም የሌላት መበለት መጣች። ያለ አድራሻ ማኅተም የለም፤ ያለ ማኅተም መንገድ የለም። የእትዬ ዘነቡን ቤት ጻፍኩላትና «ይኸ ለወረቀቱ ነው፤ ማደሪያሽን እዚያው ትፈልጊያለሽ» አልኳት። ሄደች፣ ተመለሰች፣ ምንም አልሆነችም። ከዚያ በኋላ ዘመድ ለሌለው ሁሉ እትዬ ዘነቡን ጻፍኩ። ቁጥሩ ኬላ ላይ የተፈተነ ነው። እሷን አልጠየቅኋትም። ለመጠየቅም አላሰብኩም።

ጋሼ ሰይድ የመጣው በሦስተኛው ዓመቴ ነው። ከአፋር ግመል እየገዛ የሚነግድ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሽማግሌ ነበር። ልጁ ፋጡማ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። የጭኗ አጥንት መግል ይዞ ደሴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። እሱ ቆላ ወርዶ ሳለ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ አሳለፏት። እናቷ ሞታለች። በሚቀጥለው ሳምንት ማክሰኞ የቀዶ ጥገና ተራዋ እንደሆነና አባቷ መጥቶ ካልፈረመ እንደማይነኳት መልእክት ደረሰው።

አዲስ አበባ ማን አለህ አልኩት። «አላህ አለ» አለኝ። እሱን ፎርሙ አይቀበለውም። ሆስፒታሉ በረንዳ ላይ ከአስታማሚዎች ጋር እንደሚያድር ነገረኝ። እንደ ልማዴ የእትዬ ዘነቡን ቤት ጻፍኩ፤ ለወረቀቱ ነው አልኩት። ቶሎ ቶሎ ነበር የምናገረው፤ ሌሎች ሰዎች ተሰልፈዋል። እሱም «አብሽሪ ልጄ፣ ገብቶኛል» አለኝ። ረቡዕ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቴሌ ሰው መጥቶ ሊቀመንበሩን ለስልክ ጠራው። ሲመለስ ኮፍያውን አላወለቀም። አዲስ አበባ ያለ አንድ ቀበሌ ነው የደወለው። አብዮት ጥበቃዎች ዓርብ ዕለት የሆስፒታሉን በረንዳ ሲያስለቅቁ ጋሼ ሰይድን ወረቀት ጠየቁት። ወረቀቱ ቤት ይላል፤ ሰውየው በረንዳ ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ወዳለው ቤት ቀበሌ ወስደው እትዬ ዘነቡን አስጠሩና ይህን ሰው ታውቂዋለሽ ወይ አሏት። አላውቀውም አለች። እሱንም ጠየቁት። እኔም አላውቃትም አለ። ሁለቱም እውነቱን ስለተናገሩ ሰውየው ታሰረ።

ቀበሌው ከእኛ የጽሑፍ ማብራሪያ ይፈልጋል። ጓድ በላቸው ታይፕራይተሩን በጣቱ አሳየኝ።

«ግለሰቡ የሐሰት አድራሻ ሰጥቶ አሳስቶናል ብለሽ ጻፊ።»

«አላሳሳተንም። አድራሻውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

«እሱን አውቃለሁ። እኔ የነገርኩሽ ምን እንደምትጽፊ ነው።»

ከሰሜን መጥቶ፣ በሐሰት አድራሻ ዋና ከተማ የገባ ሰው ያኔ ምን ተብሎ እንደሚጠረጠር አስረጂ አያስፈልገውም። ያቺ ደብዳቤ ከሄደች ጋሼ ሰይድ ማክሰኞ ቀርቶ በዓመቱም ላይፈርም ይችላል። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አምስት ልጆች ነበሩት።

«እንግዲያው ጸሐፊዋ ተሳሳተች ብዬ ልጻፍ» አልኩት።

ኮፍያውን አወለቀ። ሐሳቡን አገላብጦ አየውና ቀዳዳ አጣበት። ጻፍኩት፤ አድራሻው የተሞላው በጸሐፊዋ ጥፋት መሆኑን፣ ግለሰቡ የቀበሌው ነዋሪና የታመመች ልጅ አባት መሆኑን። በሦስት ዓመት ውስጥ ሳይቆርጥ የፈረመው ደብዳቤ እሱ ብቻ ነው። ማን እንደሚያደርሰው ጠየቀኝ። እኔ አልኩት።

«የራስሽን ክስ ራስሽ ልታደርሺ?»

«ፖስታ እስከ ማክሰኞ አይደርስም።»

ለራሴ ይለፍ ልጽፍ ተቀመጥኩ። ደብተሬ ውስጥ ጥሩ ጥሩ ቤቶች አሉ፤ ግቢ ውስጥ ውኃ ያላቸው፣ በሰባተኛው ቀን እንኳ ፊት የማያጠቁሩ። እናቴ አጎትሽ ዘንድ እደሪ አለችኝ። አጎቴ በከተማው በሌላኛው ዳር ነው፤ እኔ ደግሞ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ ሲከፈት መድረስ አለብኝ። ከዚያ በላይ ደግሞ እትዬ ዘነቡ አፏን ካልከፈተች ደብዳቤዬ ብቻውን ሰው አያስፈታም። የእሷን ቤት ጻፍኩ። ይሉኝታ ያዘኝ ብል ውሸት ነው። ፈርቼ ነበር።

እሑድ ተሳፈርኩ፤ ደሴ አድረን ሰኞ ጉዞ ቀጠልን። አንድ ኬላ ላይ ወታደሩ ወረቀቴን አንብቦ ሲጨርስ ቀና ብሎ አየኝ።

«ይቺ ዘነቡ የምትባል ሴትዮ ሆቴል አላት እንዴ?»

አላት እንዳልል ቤቱን አይቼው አላውቅም፤ የላትም እንዳልል ምን እንዳላት አላውቅም። ወረቀቱን ልቀበል እጄን ዘረጋሁ። አሳለፈኝ።

አዲስ አበባ አመሻሽ ላይ ገባን። ስለ ከተማዋ የማስታውሰው ጥቂት ነው፤ ዓይኔ የቤት ቁጥር ላይ ብቻ ነበር። ከአውቶቡስ ተራ በእግር ቅርብ ነው ብዬ ለስንቱ የተናገርኩት መንገድ አቀበት መሆኑን አወቅኩ። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መሃሉ በመጋረጃ ተከፍሏል። አምስት ሰው ይኖርበታል። ውኃው ከቦኖ ነው። ፍራሹ አንድ ነው።

እትዬ ዘነቡ በሩ ላይ ቆማ ማን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። ከቆቦ ቀበሌ፣ ይለፍ የምጽፈዋ ነኝ አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«በእኔ ቤት ሰው ስታሳድሪ የኖርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ቀበሌ ሦስት ቀን አመላለሱኝ። ቤቱን እንነጥቅሻለን አሉኝ።»

ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አላስጨረሰችኝም።

«እሱ ይሁን። ግን ያ ሁሉ የቆቦ ሰው በስሜ እዚህ ከተማ ሲገባ እንዴት አንዱ እንኳ ደጄን አይረግጥም? እናቴ ስትሞት በአርባ ቀኗ ነው የሰማሁት። ወሬ የሚያመጣልኝ ሰው አጥቼ እንጂ ሰው ጠፍቶ እንዳልነበረ አሁን ገባኝ።»

ራሴ ነበርኩ አትሂዱባት የምላቸው፤ እንዳያስቸግሯት ብዬ። ልጆቿን ወደ አንድ ጎን አስጠግታ አስገባችኝ። ምሽቱን ስለ ቆቦ ሰው ጠየቀችኝ፤ ማን አገባ፣ ማን ሞተ፣ የማን ጉድጓድ ደረቀ። ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ጋሼ ሰይድ የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማን ልጅ ነው አለች። ነገርኳት። አባቱን ታውቀው ኖሯል።

ማክሰኞ በጠዋት አብረን ቀበሌ ሄድን። ተረኛው ሹም ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ እትዬ ዘነቡን ጠየቃት።

«ሰውየው እንግዳዬ ነው፤ መዝግቡልኝ» አለች።

«ዓርብ አላውቀውም ብለሽ ነበር።»

«ዓርብ አላውቀውም ነበር። አሁን አወቅኩት።»

ሹሙ ለመሳቅም ለመቆጣትም አሰበና ሁለቱንም ተወው። ለእኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ አስጻፈ፤ ከእኔ የተሻለ ታይፒስት ነበረችው። ጋሼ ሰይድን ያወጡት ረፋዱ ላይ ነው። ጺሙ ላይ ገለባ ነበር። «ሰኞ ነው ማክሰኞ?» ብሎ ጠየቀኝ። ማክሰኞ ነው አልኩት። ጫማውን ሳያስር ወጣ።

ሆስፒታል ስንደርስ የፋጡማ ተራ አልፎ ነበር። በእሷ ቦታ ሌላ ሰው ገብቷል። ጋሼ ሰይድ ፈረመ፤ የሚቀጥለው ተራ በሦስተኛው ሳምንት ሆነ። እነዚያን ሳምንታት እትዬ ዘነቡ ቤት አደረ፤ በእውነት፣ መጋረጃው ሥር፣ ፍራሹ ላይ። ልጆቿ መሬት ተኙ።

ፋጡማ ዳነች። አንካሳ ናት። መዘግየቱ ያመጣው ይሁን ያለዚያም የሚሆን ነገር ይሁን ሐኪሙ አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ጋሼ ሰይድ የአላህ ነገር ነው ይላል። ሲያገኘኝ ሰላምታ ነስቶኝ አያውቅም። እሷ ግን ቆቦ ገበያ ስታየኝ መንገድ ትሻገራለች። ትክክል ናት።

ከተመለስኩ በኋላ ደብተሬ ላይ ላሉት ባለቤቶች ሁሉ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሰው ልላክብዎ ወይ ብዬ። አንዳንዶቹ አትላኪ አሉ። ብዙዎቹ መልስ አልሰጡም፤ እነሱንም እንደ አትላኪ ቆጠርኳቸው። የቀሩት ቤቶች በአንድ ገጽ ያልቁ ነበር። ሰው አማረረ፤ ይለፍ ዘገየ፤ ጓድ በላቸውም አፍ አወጣብኝ። እትዬ ዘነቡ ደግሞ በወር ከአንድ ሰው በላይ እንዳልልክባት፣ የምልከው ሰው ግን የግድ ወሬ ይዞ እንዲመጣ አዘዘች።

ሥራውን ከዓመት በኋላ ለቀቅኩ። በእኔ ቦታ ለምትቀመጡ የምለው ይኸው ነው፤ ለሰው ማደሪያ ከመምረጣችሁ በፊት ባለቤቱን ጠይቁ። ውኃው፣ ፍራሹና ርቀቱ ከዚያ በኋላ ይጠየቃሉ።