ወንድሜ ሆዱ የደረቀበት ሳምንት

እናቴ ጨው በምታስቀምጥበት ጣሳ ውስጥ አንዲት ሰማያዊ የፕላስቲክ ማንኪያ አለች። የእጀታዋን ጫፍ ወንድሜ ጥርስ ሲያወጣ አኝኮታል። ባለፈው እሁድ ወጥ ላጣፍጥ ጣሳውን ስከፍት ጣቴ ነካትና የዱቄት ወተት ሽታ አፍንጫዬ ሥር መጣ። ጨው እንደማይሸት አጥቼው አይደለም።

ያን ጊዜ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ወንድሜ ደግሞ ገና የአራት ወር ሕፃን ነው። ቤታችን የካ፣ የእንጦጦ ዳገት ከሚጀምርበት ሥር ነበር። ጠዋት ጠዋት የእርጥብ ባሕር ዛፍ ሽታ ከነፋሱ ጋር ወርዶ ደጃችንን ይሞላዋል። እናቴ የወሊድ ፈቃዷ አልቆ መገናኛ ወዳለው ቢሮዋ ተመልሳለች። ክረምት ስለነበርና ትምህርት ስለተዘጋ፣ ልጁን ቀን ቀን የምይዘው እኔ ነበርኩ። ጎረቤታችን የነበሩ ትልቅ ሴትዮ አልፎ አልፎ ብቅ እያሉ ያዩናል።

እናቴ ከመውጣቷ በፊት የቀኑን ወተት ዱቄት በየጡጦው ለክታ ጠረጴዛው ላይ ትደረድርልኛለች። የእኔ ሥራ ፈልቶ ለብ ያለውን ውኃ ጨምሮ መበጥበጥ ብቻ ነው። «ሌላ ምንም እንዳትነኪ፣ እሺ?» ትለኛለች።

ነካሁ። አንድ ቀን ጎረቤታችን ወንድሜን ከእቅፌ ተቀብለው አገላብጠው አዩትና «ምነው ይሄ ልጅ አልወፍር አለ? ወተቱ ቀጥኖበት ይሆን እንዴ?» አሉ። እኔም አመንኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በየጡጦው አንድ ማንኪያ፣ ያውም ቆልዬ፣ እጨምር ጀመር። ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ «ወይ ጉድ፣ ልጄ እንዴት አማረበት!» እንድትል ነበር ምኞቴ።

ሳምንት ሳይሞላ ልጁ ካካ ማለት ተወ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ዝም አልን። በሦስተኛው ቀን ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ተወጠረ። እግሮቹን ሰብስቦ፣ ፊቱ ቀልቶ ያምጣል፤ የሚወጣው ግን ለቅሶ ብቻ ነው። ማታ እናቴ ከሥራ እንደገባች ጎረቤታችን ከሾላ ገበያ የገዙትን ለጋ ቅቤ በቅጠል ጠቅልለው መጡ።

«ትንሽ ላውጠው፤ ያለሰልስለታል» አሉ።

«አይ እትዬ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው» አለች እናቴ።

«እኔ ልጆቼን ሁሉ ያሳደግሁት በቅቤ ነው» ብለው፣ ቅር እንዳላቸው ቅቤያቸውን ይዘው ተመለሱ።

በአራተኛው ቀን እናቴ ከሥራ ቀረችና ጤና ጣቢያ ሄድን። ታክሲው ውስጥ ወንድሜ ጭኔ ላይ ሆኖ ሲያምጥ እኔ ከራሴ ጋር እሟገት ነበር። ብናገር እናቴ ልጁን ዳግመኛ አታምነኝም። ባልናገር ደግሞ ይሞትብኝ ይሆናል። ከሁለቱ መሀል ሌላ ነገር መኖሩን በዚያ ዕድሜዬ አላውቅም ነበር።

ጸጉራቸው የሸበተ ነርስ ሆዱን በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና «ወተቱን የሚበጠብጠው ማነው?» አሉ።

«እኔ» አልኩ።

«ስንት ማንኪያ?»

ጣሪያውን አየሁ፣ ወለሉን አየሁ። የማየው ሲጠፋኝ ዕንባዬ መጣ። «እናቴ ከለካችው ላይ… አንድ እጨምራለሁ። እንዲወፍር ብዬ ነው።»

ቀና ብዬ እናቴን ለማየት አልደፈርኩም። ቁጣዋን ብጠብቅ ብጠብቅ አልመጣም። ከዚያ፣ ቢሮ ውስጥ ስንቱን የምታዝዘው እናቴ፣ ድምጿን እንደኔው ዝቅ አድርጋ «እኔም ከታዘዘው ላይ አንድ እጨምር ነበር» አለች።

ለካ ጎረቤታችን ለእሷም ነግረዋት ኖሯል።

ነርሷ ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን። «ታዲያ ይሄ ልጅ ሲጠጣ የከረመው ወተት ነው ገንፎ?» ብለው ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉና አስረግጠው ነገሩን፤ ጣሳው ላይ እንደተጻፈው ብቻ፣ ማንኪያው ሳይቆለል። ቅቤ የለም፣ ሳሙና መወተፍ የለም። ለብ ያለ ውኃ ውስጥ አስገብታችሁ ሆዱን በቀስታ እሹት፣ እግሮቹን ብስክሌት እንደሚነዳ አንቀሳቅሱለት። «ካስመለሰው ወይም እስከ ነገ ካልወጣለት ግን መልሳችሁ አምጡት» አሉን።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባርቶ ትንሽ ፀሐይ ወጣች። ሳፋውን በረንዳው ላይ አደረግን። እናቴ ብብቱን ደግፋ ያዘችው፤ እኔ እግሮቹን ይዤ ብስክሌቱን አስነዳው ጀመር። ከቆርቆሮው ጠርዝ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። ድንገት ወንድሜ ለቅሶውን አቁሞ አፍጥጦ አየኝ። ፊቱ ቀላ፣ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። እኔና እናቴ ትንፋሻችንን ያዝን።

የሳፋው ውኃ መልኩን ለወጠ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው።

ጎረቤታችን ነጠላቸውን እየጎተቱ በሩጫ መጡ። «ምን ተገኘ? ማን ታጨ?»

«ካካ!» ብዬ ጮህኩ።

ሳፋውን ጎንበስ ብለው አዩና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ከዚያ እሳቸውም ተቀብለው እልል አሉ። እኔ እየሳቅሁ አለቅስ ነበር፤ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። ወንድሜ መላ አካላቱ ላላ ብሎ፣ ገና ሳናደርቀው እንቅልፍ ወሰደው።

ዛሬ ሩቅ አገር ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፤ ቤቱም ጭር ብሏል። እሁድ እሁድ ሲደውል እናቴ «በላህ ወይ?» ትለዋለች። እኔ ስልኩን ተቀብዬ «ሆድህስ?» እለዋለሁ። «ኧረ ፕሊስ፣ ልጆቹ ይሰማሉ!» ይለኛል።

ከእልልታው ይልቅ ግን የማልረሳው የማግስቱን ጠዋት ነው። ከእንግዲህ እናቴ ልጁን ለጎረቤታችን ትሰጣለች ብዬ ስለነበር፣ ከአልጋዬ የተነሳሁት እየከበደኝ ነው። ጡጦዎቹ እንደ ወትሮው ታጥበው ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ሁሉም ባዶ ናቸው። አጠገባቸው የወተቱ ጣሳ፣ ክዳኑ ላይ ደግሞ ሰማያዊዋ ማንኪያ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ጃንጥላዋን እየዘረጋች ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ለኪው» አለችኝ፤ «እኔ እጄን አላምነውም።»