ፍራሽ የጫነው አይሱዙ

ይህን ለባለቤቴ እንኳ ነግሬው አላውቅም። ከመርካቶ እስከ ሞያሌ በብስክሌት ስንጓዝ ከሰባታችን ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። የጎማ ተራ ነጋዴ ሁሉ በጭብጨባ ስለሸኘኝ አቋርጦ መመለስ የማይታሰብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ግን ጉልበቴ ከዳኝ። «ዳገቱ ስለሚከብደኝ ልቅደማችሁ» ብዬ ቁርስ ላይ ትቻቸው ወጣሁና ካደርንበት ከተማ ራቅ ብዬ መኪና መጠበቅ ጀመርኩ። ከመርካቶ ፍራሽ የጫነ አይሱዙ ቆመልኝ።

«ለማንም እንዳትናገር፣ ወንድሜ» አልኩት ሾፌሩን፣ አንገቴን ደፍቼ።

«እኔ ምን አገባኝ? ግን ሰው እንዳያይሽ ከኋላ ውጪ» አለኝ እየሳቀ።

ሸራውን ብገልጥ፣ ስድስቱም ብስክሌታቸውን አቅፈው ፍራሹ ላይ ተጋድመዋል። የቡድናችን መሪ ጋሼ ከድር ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «በሉ፣ ጠጋ ጠጋ በሉላት» አሉ።